ዋግ የምታረባዋ ዶክተር

ስልኩን ያነሳው ወንድ ነበር። የዶክተር ትርንጎን ስልክ ወንድ አንስቶት አያውቅም፤ ባሏን ከፈታች ብዙ ዘመን ሆኗል፣ ልጅም አልነበራት። ቁጥር የተሳሳትኩ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አውርጄ አየሁት። የራሷ ነው።

«ማን ልበል?» አለ ሰውየው።

«መላኩ ነኝ፣ ከፒያሳ። ያዘዘችኝ አጉሊ መነጽር መጥቷል ብለው ይንገሩልኝ።»

ከጀርባው ብዙ ሰው ይንጫጫል፣ ወንበር ይጎተታል። ቆይቶ፣ «ወንድሟ ነኝ። ትርንጎ ዛሬ ጠዋት አረፈች» አለኝ።

«እሺ፣ ስትመጣ እሰጣታለሁ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ እንዲህ ነው ያልኩት። ስልኩን ዘጋሁና መነጽሩን ወደ መደርደሪያው መለስኩ። ሱቄ የከብት መድኃኒትና የዘር መሸጫ ነው፤ ቆሞ ይጠብቀኝ ለነበረ ገበሬ የበግ መድኃኒት ሸጥኩለት፣ አሰጣጡንም ነገርኩት። ገበሬው ከወጣ በኋላ ካርቶን ላይ ዘፍ ብዬ ተቀመጥኩና «አረፈች» የሚለውን ቃል ጮክ ብዬ ለራሴ አልኩት። አልገባ አለኝ። ከጥቂት ሳምንት በፊት እዚሁ ሱቅ ውስጥ ስትጮህብኝ የነበረች ሴት እንዴት ነው የምታርፈው?

ጎንደር ውስጥ ዶክተር ሲባል ሰው የሚያስበው ሆስፒታል ነው። ባጃጅ ውስጥ አጠገቧ ተቀምጠው የወገባቸውን ሕመም የሚዘረዝሩላት አይጠፉም ነበር። እስከ መጨረሻው ታዳምጥና፣ «እኔ የሣር ሐኪም ነኝ እናቴ፤ ስለ ላምሽ መኖ ከሆነ ግን ልናወራ እንችላለን» ትላለች። ሙያዋ የመኖ ሣር ማዳቀል ነው። እኔ ብዙ ዓመት በረዳትነት አብሬያት ሠርቻለሁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን «እርስዎ» ስላት ተቆጣች። «አንቺ በለኝ። እርስዎ ስትለኝ ግድግዳ ላይ የተሰቀልኩ ፎቶግራፍ የሆንኩ ይመስለኛል» አለችኝ። አንቺ ማለት እስክለምድ አንደበቴ ስንት ጊዜ ተሳሰረ!

አጭር፣ ደንዳና፣ ችኩል ሴት ነበረች። ስትናደድ ድምጿ ከግቢ ውጭ ይሰማል፤ ስትስቅም እንደዚያው ነው። ባሏን ለምን እንደፈታች የሚጠይቃት ደፋር ከተገኘ፣ «በሣር ለወጥኩት፤ ሣሩ ይሻላል» ብላ ታልፈዋለች። እጇ ላይ ሁልጊዜ ነጭ መሐረብ አለ። መሐረቡ የአፍንጫ አይደለም። ያገኘችውን ቅጠል ሁሉ ገልብጣ በሱ ትጠርገዋለች፤ መሐረቡ ላይ እንደ ሸክላ አቧራ ያለ ቀይ ነገር ከቀረ ቅጠሉ ዋግ አለበት ማለት ነው። ዋግ የሚባለውን የሰብል በሽታ እንደሷ የጠላ ሰው አላየሁም። የግል ጠላቷ ነው ብትሉ አይበዛም።

አንድ ቀን ፒያሳ ካፌ ተቀምጠን ማኪያቶ አዝዘን ሳለ ተነስታ የካፌዋን ባለቤት የአበባ ማሰሮ ቅጠል በቅጠል መጥረግ ጀመረች። ሴትዮዋ ከካሸሯ ወንበር ብድግ ብላ፣ «ምነው ምን አደረገሽ አበባዬ?» አለቻት።

«ታሟል። ከጎረቤቶቹ ለዪው፤ አለዚያ ሁሉንም ይጨርስብሻል።»

«ደህና ነው እሱ! ጠዋት ውኃ አጠጥቼዋለሁ።»

ዶክተር ትርንጎ መሐረቡን ዘርግታ ቀዩን ጭረት አሳየቻት። ሴትዮዋ ጭረቱን አየች፣ አበባውን አየች፣ ከዚያ ማሰሮውን ታቅፋ ወደ ጓሮ ሮጠች። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ካፌ በገባን ቁጥር ሂሳብ አንከፍልም ነበር።

እንግዲህ ሥራዋን ልንገራችሁ፤ እሱን ካላወቃችሁ የደነገጥኩትን ድንጋጤ አታውቁልኝም። በወገራ ደጋ፣ በአምባ ጊዮርጊስ ዙሪያ፣ ግጦሹ ጠብቧል። ላም ጭድ ብቻ በልታ ወተት አትሰጥም። ስለዚህ ገበሬው ለከብት ብቻ የሚሆን አጃ ይዘራል፤ የመኖ አጃ ይባላል። ሸጋ መኖ ነው፤ ሰው ቁመት ይደርሳል፣ ከብት ይወደዋል። ችግሩ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ልክ ሊታጨድ ነው ሲባል ዋግ ይገባበትና ማሳው በአጭር ጊዜ ቀይ አቧራ ለብሶ ይከስላል። ከዚያ በኋላ ላሟ አሽትታው ፊቷን ታዞራለች። ይህን ጊዜ ነው ገበሬው ጥገት ላሙን ወደ ገበያ የሚነዳው።

አንድ የመስከረም ወር ከአዲ አርቃይ ስንመለስ፣ ሊማሊሞን ወጥተን ደባርቅን አለፍ እንዳልን፣ «አቁም!» ብላ ጮኸች። ሹፌሩ ሰው የገጨ መስሎት መኪናውን ሊገለብጠው ነበር። ወርዳ ዋግ ወደ ጨረሰው አንድ የአጃ ማሳ እየሮጠች ገባች። ማሳው ጠርዝ ላይ ሲናር በቅሏል። ሲናር የአጃ ዘመድ ነው፤ ማንም ሳይዘራው በገብስና በአጃ መካከል ራሱ የሚበቅል፣ ገበሬ ሲያየው ፊቱ የሚጠቁርበት አረም ነው። አብዛኛው ሲናርም ቀልቷል። አንዱ ግን ለምልሞ ቆሟል። ዶክተር ትርንጎ ቅጠሉን ገለበጠች፣ በመሐረቧ ጠረገች፣ መሐረቡ ነጭ እንደሆነ ቀረ። ደግማ ጠረገች። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አለች።

«ታዲያ ሲናሩን ራሱን ለምን አንዘራውም?» አልኳት ስንመለስ።

«ቀጭን ነው፣ ፍሬውን ያረግፋል፣ አንዴ እርሻ ከገባ አይወጣም። እኔ የምፈልገው ያንን አንድ ነገሩን ነው። ያንን ከሱ ወስጄ ለአጃው እሰጠዋለሁ።»

ይህን ስትናገር ቀላል አስመሰለችው። ያን ቀን የጀመረችው ሥራ ግን እስክትሞት አላለቀም። የአጃ አበባ ከሩዝ ፍሬ አይበልጥም። ሳይከፈት በፊት በወረንጦ ፈልቅቀህ በውስጡ ያለውን የወንዴውን ክፍል ታወጣለህ፣ የሴቴውን ሳትነካ። ከዚያ በወረቀት ከረጢት ትሸፍነውና ሲደርስ የሲናሩን የአበባ ዱቄት ትነሰንስበታለህ። እጄ ትልቅ ነው፤ ስንቱን አበባ ጨፈለቅሁት። ወረንጦውን ባነሳሁ ቁጥር፣ «ቀስ! ሙሽራ ናት!» ትለኛለች። ስጨፈልቅ ደግሞ በራሷ ወረንጦ ጣቴን ትቆነጥጠኛለች። ምርር ብሎኝ «እኔ ቴክኒሻን ነኝ እንጂ ሚዜ አይደለሁም» ያልኳት ቀን እየሳቀች ከበርጩማዋ ወደቀች።

መጀመሪያ የተገኘው ድቅል ከናትና ካባቱ የበለጠ ጠንካራ ነበር። ዋግ ዝር አላለበትም። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እየመጣ አየው። ሲያፈራ ግን ዘለላው ባዶ ሆነ፤ ዘለላ በዘለላ ስንጨምቀው እፍ ብንለው የሚበን ገለባ ብቻ ነው። «በቅሎ ወለድን» አለች። አህያና ፈረስ ተዳቅለው በቅሎ እንደምትሆነው፣ በቅሎም እንደማትወልደው ማለቷ ነው። ደነገጥኩ። እኔ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ያንን ባዶ ሁሉ ስትፈትግ ሰንብታ ጥቂት ፍሬ አገኘች። እነሱን ዘርታ እንደገና ከአጃው ጋር አዳቀለች፤ የዚያንም ልጆች እንደገና። በየዓመቱ ዋግ የያዘው ይጣላል፣ ያልያዘው ይቀራል፤ ፍሬ ያዘ ሲባል ዋግ የሚችለው ይጠፋል፣ ዋግ ቻለ ሲባል ፍሬው ይመክናል። እኔ ፀጉሬ ሸበተ።

ፈተናውን የምታደርገው አምባ ጊዮርጊስ አጠገብ፣ አያ ሞላ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከእርሻቸው ጫፍ ላይ በሰጧት ቁራጭ መሬት ነበር። የአባቷ ዘመዶች እዚያው አካባቢ ስለሆኑ ሰዎቹ እንደ ልጃቸው ያዩዋታል። ለቅሶ አትቀርም፣ ላም ስታምጥ ከጎንደር ድረስ ሐኪም ይዛ ትወጣለች፣ የቀረበላትን ትበላለች። እርሻዋ ግን አንገታቸውን ያስደፋቸዋል። ለምን ብትሉ፣ ዳሩን በሙሉ ዋግ ቶሎ የሚይዘውን ደካማ አጃ ትዘራበታለች፤ በሽታው እንዲመጣላት ብላ ነው። «በሽታ በሌለበት የተፈተነ ጤነኛ አይባልም» ትላለች። መካከሉ ላይ ድቅሎቿን ትዘራለች፤ እነሱ ደግሞ ዘለላቸውም የፍሬያቸው ጢምም ቁርጥ ሲናር ነው። በሰው ዓይን ሲታይ ዙሪያው በበሽታ የነደደ፣ መካከሉ አረም የወረሰው እርሻ ነው። እሱም ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ ዳር! አገሩ ሁሉ ስም አወጣላት፤ ዋግ የምታረባዋ ዶክተር አሏት። ስሙን ስትሰማ ደስ ብሏት ለሁሉ ሰው አወራችው።

አያ ሞላ ግን አልሳቁም። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሟት።

«ዶክተር፣ ይኸ ነገር አላማረኝም። በዚህ መንገድ ስንት ሰው ያልፋል መሰለሽ? ሲናር የዋጠው እርሻ የማን ነው ሲባል የአያ ሞላ ልጅ የምትባለዋ ነው ይላሉ። ሰው ልጥራና በደቦ ላርምልሽ።»

«አይሆንም አያ ሞላ! ማንም እንዳይገባብኝ። እሱ እኮ ሲናር አይደለም፣ አጃ ነው።»

«ኧረ አንቺ! ሲናርን እኔ ነኝ የማላውቀው?»

«ግማሹ ነው ሲናር አያ ሞላ። አባቱ ሲናር ነው፣ እናቱ አጃ። ይተዉልኝ ይኸን። እኔ ራሴ በእጄ አርመዋለሁ።»

«ምነው ብቻሽን? ሰው የለሽም እንዴ?»

«ሰውማ አለኝ። ይኸኛውን ብቻ ይተዉልኝ።»

ሽማግሌው አንገታቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። እኔ ነገሩ በዚያ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ለካስ አያ ሞላ ቤታቸው ገብተው ለባለቤታቸው ለእትዬ ዝማም የነገሯት ሌላ ነው። ደቦ የጠራ ሰው ምሳና ጠላ ማቅረብ አለበት፤ ይኸ የታወቀ ነው። ዶክተሯ ደግሞ ብቸኛ የከተማ ሴት ናት፣ ጠላ የሚጠምቅላት የለም። እምቢ ያለችው ደግሳ ማብላት ስለማትችል አፍራ ነው ብለው ደመደሙ። አዘኑላት። ይህን ያወቅሁት በኋላ ነው፣ ማወቁ ምንም በማይጠቅምበት ጊዜ።

መንገድ ተዘግቶ ለወራት ቢሮ መግባት ያልቻልንበት ጊዜም መጣ። እኔ በዚያው መሥሪያ ቤቱን ትቼ ሱቄን ከፈትኩ። መንገዱ ሲከፈት እሷ ዘሯን ልታይ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የቢሮውን በር ስንከፍት ሽታው ፊታችንን መታን። የስንት ዓመት ዘር የተቀመጠበትን ሣጥን አይጥ ከታች በኩል ቦርቡሮ ገብቶበታል። ከረጢቶቹ ተቀዳደው ወለሉ ላይ የወረቀት ድሪቶ ሆነዋል። ዶክተር ትርንጎ ስትጮህ እንጂ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር። ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እኔ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ጠፍቶኝ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ በእጇ ወለሉን መዳበስ ጀመረች። በየስንጥቁ፣ በየጥጉ፣ ከአይጥ ኩስ መካከል ፍሬ እየለቀመች በመሐረቧ ላይ ታስቀምጣለች። እኔም ተንበርክኬ አገዝኳት። ስንጨርስ የመዳፍ ጉድጓድ አይሞላም።

«እነዚህን አይጡም ንቋቸዋል» አለች እያለቀሰችም እየሳቀችም።

ያንን ነው ዘንድሮ ሰኔ ላይ አያ ሞላ ዘንድ የዘራችው። ሁሉንም። ግማሹን እንድታስቀምጥ ለመንኳት። «መላኩ፣ እያንዳንዷ ፍሬ የተለየች ናት» አለችኝ። «ዋግ የምትችለዋ የትኛዋ እንደሆነች ከፊቷ አይታወቅም። ያችው ከተቀመጡት መካከል ብትሆንስ? አይጥ እስኪበላት ልጠብቅ? ይልቅ ልዝራቸውና ዋጉ ራሱ ይንገረኝ።»

ለመጨረሻ ጊዜ ሱቄ የመጣች ቀን፣ መድኃኒት ፀሐይ ላይ አስቀምጠሃል ብላ ከበሩ ጀምራ ጮኸችብኝ። ጩኸቷን ስትጨርስ ግን ባንኮኒው ላይ ተደገፈች፤ ጎኗን ይዛለች፣ ፊቷ ገርጥቷል።

«ምን ሆነሻል?»

«ጨጓራ ነው። እሱን ተወውና ስማኝ። ድቅሎቹ ዘለላ አውጥተዋል። ዳሩ ላይ ያለው አጃ ደግሞ መቅላት ጀምሯል፤ በዚህ ዝናብ ዘንድሮ ዋጉ ለማንም አይራራም። እስኪጠና ጠብቄ እወጣና አንድ በአንድ እጠርጋቸዋለሁ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዲት እንኳ መሐረቤን ሳታቀላ ከተገኘች...» ንግግሯን አልጨረሰችም። «ዓይኔ ደክሟል፤ አጉሊ መነጽር አስመጣልኝ» አለችና ወጣች።

ጨጓራ አልነበረም። ለእኔ ሳትነግረኝ ሆስፒታል ገባች፣ ሳትወጣ ቀረች። ያቺን እርሻ ሳታያት።

በማግስቱ ሬሳውን ይዘን ወደ አምባ ጊዮርጊስ ወጣን፤ አባቷ አጠገብ እንድትቀበር ተናዝዛ ነበር። ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር ተቀምጬ የማስበው እርሻዋን ነው። ከቀብር መልስ ገብቼ እኔ እጠርግላታለሁ፣ የሚተርፈውን እኔ እሰበስብላታለሁ እያልኩ ነው። መሐረብ እንኳ ይዤአለሁ፤ ነጭ። እርሻው ዘንድ ስንደርስ አንገቴን አስግጌ አየሁ።

መካከሉ ባዶ ነው።

ዳሩ ላይ ያለው አጃ ቀይ ለብሶ፣ ከስሎ ቆሟል። ድቅሎቿ የነበሩበት ቦታ ግን ተነቅሎ፣ ተስተካክሎ፣ አፈሩ እርጥብ ጥቁር ሆኖ ይታያል። እንደ ተጠረገ ግቢ። አጠገቤ ያለው ወንድሟ እያለቀሰ አንድ ነገር ይለኛል፣ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ እንጂ አልሰማውም። ቦታው ተሳስቶኝ ነው አልኩ። ሌላ እርሻ ነው። መንገዱን፣ ጥዱን፣ የአያ ሞላን ቤት ቆርቆሮ አየሁ። ቦታው እሱው ነው። ፍትሐቱን እንዴት እንደሰማሁ፣ አፈሩን እንዴት እንደመለስን ዛሬ ብትጠይቁኝ አላውቅም።

ከቀብር በኋላ አያ ሞላ ግቢ ተቀመጥን። እትዬ ዝማም ንፍሮ አዞረች። አያ ሞላ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ፤ ዓይናቸው አብጧል።

«አየኸው እርሻዋን?» አሉኝ።

«አየሁት። ማን ነው የነቀለው አያ ሞላ?»

«እኛው ነን እንጂ ማን ይሆናል! ሆስፒታል ገባች ሲሉን ሰፈሩ ነቅሎ ወጣ። ሴቱ፣ ወንዱ፣ አንድ የቀረ የለም። ምሳ አልጠበቅን፣ ጠላ አልጠበቅን። እሷ እኮ ደቦ እምቢ የምትለው በሱ አፍራ ነው። ስትድን መጥታ ሸጋ ሆኖ ታየዋለች ብለን ነበር።» ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «አጃዋን አንዲት አልነካንባትም። ዋግ ጨርሶታል፣ ቢሆንም የዘራችው ነው። ሲናሩን ብቻ ከነሥሩ ለቀምነው።»

መጠየቅ አልፈለግሁም፤ አፌ ግን ጠየቀ። «ሲናሩስ አያ ሞላ፣ ዋግ ነበረበት?»

«እሱን ነው የምነግርህ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አብዛኛውማ ነዷል፣ እንዳጃው ነው። ከወደ ድንበሩ በኩል የነበረው ግን ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ሲናር ስነቅል እንዲህ ያለ አላየሁ! ቅጠሉ ሰፍቶ፣ ለምልሞ፣ አንዲት ነጥብ የለበት። በዋጉ ልብሳችን ሁሉ ቀልቷል፤ እሱን ታቅፈን ስንወጣ ግን አንዲት አቧራ አልነካን። ዘለላው ደግሞ ፍሬ ይዟል፣ ጥርቅም ያለ። አረም ሲጠግብ እንዲህ ነው ተባብለን ሳቅን።»

«ፍሬው ደርሶ ነበር?»

«የት ይደርሳል! ስትጨምቀው ገና ወተት ነው።»

እትዬ ዝማም ሳህኗን ይዛ ቆማ ትሰማናለች። «ለላማችን ብንሰጣት ደግሞ ስትወደው!» አለች። «ሌላውን መኖ ትታ እሱን ስትፈልግ ነው ያደረችው። አንዲት ክር አላስቀረችም።»

ተነሳሁ። ወዴት ነው ሲሉኝ አልመለስኩም። በረቱ ውስጥ ገባሁ፤ ላሟ ተኝታ ታመሰኳለች። ግርግሙ ላይ ጎንበስ ብዬ ጭዱን በሁለት እጄ መገልበጥ ጀመርኩ። ያልደረሰ ፍሬ እንደማይበቅል አውቃለሁ፤ እሷው ናት ያስተማረችኝ። እያወቅሁ ገለበጥኩ። ከግርግሙ ወደ ወለሉ ወረድኩ፣ እበቱን በጣቴ በተንኩት። የገብስ ጭድ ነው፣ የጤፍ ጭድ ነው፣ ጭቃ ነው። ተሳካላት። ዋጉ መጥቶ አልነካባትም፣ ፍሬ ይዞላታል፣ ላሟ ወዳዋለች። ይህን ከሚያውቁት ሰዎች ሁሉ እኔ ብቻ ነኝ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ። እሷም አላወቀች። ጮኽኩ። እንዲህ ያለ ድምፅ ከኔ የሚወጣ አይመስለኝም ነበር።

አያ ሞላ በረቱ በር ላይ ደረሱ። ከኋላቸው ሰዎቹ መጡ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ያኔ እጆቻቸውን አየሁ፤ የሲናር ስለት የጨረፈው የእትዬ ዝማም መዳፍ ገና አልሻረም። በዚያ እርሻ ላይ ከማለዳ ጀምሮ ጎንበስ ያሉት ለሷ ብለው ነው። ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለኝ፤ እንደገና ለቅሶ ሆነ። እነሱም ለሟች የማለቅስ መስሏቸው አብረውኝ አለቀሱ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ስሟን ጠሩ።

አያ ሞላ እበት በነካው እጄ ሳይጸየፉ ያዙኝና ከወለሉ አነሱኝ።

«በቃ ልጄ፣ በቃ» አሉኝ። «ምነው እንዲህ ራስህን ትጎዳለህ? የቀረባት ነገር የለም። ንጹሕ እርሻ ትታ ነው የሄደችው።»